ጀሚላ መሪ የያዘችበት ዓመት

ረዲ መኪናዋን ይዞ ሰፈር የገባ ዕለት፣ ከሩቅ የሰማት ሁሉ አዲስ ወፍጮ ቤት የተከፈተ መስሎት ነበር። ሰማያዊ ቀለሟ የተላጠ፣ ከኋላ ጭነት የምትይዝ፣ ዕድሜዋ ከእሱና ከጀሚላ ትዳር የሚበልጥ የናፍጣ መኪና ነበረች። ጀሚላ በሻርፗ ጫፍ አፍንጫዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«መኪና ገዛሁ ስትለኝ እኮ የምትሄድ መስሎኝ ነበር» አለችው።

«ሳቂ!» አለ ረዲ፣ ጥርሱ ሁሉ ታይቶ። «ከማረቆ በርበሬ ይዛልሽ ስትመጣ እንተያያለን። እኔ እነዳለሁ፣ አንቺ ከጎኔ ቁጭ ትያለሽ። ከእንግዲህ ኬሻ አትጎትቺም።»

ሁለቱም መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ ያረጁ ሰዎች ናቸው። እሱ ዛላ ከገጠር እያመጣ፣ እሷ እየለቀመችና እየሸጠች፣ አብረው ሲያስነጥሱ ፀጉራቸው መሸበት ጀመረ። አላህ ልጅ አልሰጣቸውም። ቤት ውስጥ የሚጨቃጨቁትም፣ የሚሳሳቁትም፣ የሚኮራረፉትም እርስ በርሳቸው ብቻ ነበር።

ረዲ መንጃ ፈቃድ ያወጣው በዚያው ሰሞን ነው። የቀለበት መንገዱ ገና አዲስ ነበርና ጁምዓ ከሰገደ በኋላ ጀሚላን አሳፍሮ እዚያ ይለማመዳል። ማርሽ ሲቀይር ምላሱን ያወጣል። ከኋላው ጥሩምባ ሲነፉበት «እለፉና ሂዱ፣ ማን ያዛችሁ!» እያለ ይጮኻል፤ እሷ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ያ ደስታ አንድ ክረምት እንኳ አልሞላም። አንድ ማለዳ ኮፈኑን ከፍቶ ዘይት ሲለካ፣ የያዘው ጨርቅ ከእጁ ወደቀ። ሊያነሳው ጎንበስ አለና እዚያው ተዘረረ።

ደም ጭንቅላቱ ውስጥ ፈሷል አሉ ሐኪሞቹ። ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ ጎኑ ግን በድን ሆነ። ምላሱም ተሳሰረ። ከዚያ ሁሉ ጨዋታው የቀረችው አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፤ «ቆይ»። ውሃ ሲጠማውም «ቆይ»፣ ሲያመውም «ቆይ»። ለሚስቱ «ቆዪ» ማለት እንኳ አልቻለም፤ እንደ ወንድ ጓደኛው «ቆይ» ይላታል። ጀሚላም ከድምፁ አወጣጥ የፈለገውን መለየት ተማረች።

ሐኪሞቹ እጅና እግሩን የሚያንቀሳቅሱለት ቦታ እየተመላለሰ እንዲታሸ አዘዙ። ታክሲ ፈተና ሆነ። ሁለት ሰው አቅፎ ሲያስገባው፣ ተሳፋሪው «ቶሎ በሉ እንጂ» ሲል፣ ረዲ ዓይኑን ይጨፍናል። መኪናዋ ደግሞ ደጅ ላይ አቧራ ለብሳ ቆማለች። ዱባይ ተራ ሱቅ ያለው ታናሽ ወንድሙ ሙናዊር መጥቶ አያት።

«ትሸጥ፣ ጀሚላ። ቆማ ከምትበሰብስ።»

«አትሸጥም።»

«ታዲያ ማን ሊነዳት ነው?»

«እኔ» አለች። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ራሷም ደነገጠች።

መንዳት የተማረችው ከወጣት ወንዶች ጋር ተሰልፋ ነው። መኪናዋን መንከባከብ ደግሞ ከራጉኤል ጀርባ በአንድ ግቢ ውስጥ ከሚሠራው መካኒክ፣ ከይሄይስ ተማረች። ይሄይስ ረዲን ይወደው ስለነበር ሳይሰለች አስተማራት።

«እትዬ ጀሚላ፣ ናፍጣ ሞተር ሁለት ነገር ይጠላል፤ ውሃና አየር። ጠዋት ቁልፉን ግማሽ ድረስ አዙረው ይቺ መብራት እስክትጠፋ ይጠብቁ፤ ሞተሩ እየሞቀ ነው። ከማጣሪያው፣ ከፊልትሮው ሥር ይሄን ብሎን ላላ አድርገው ውሃውን ያፍስሱ። አየር ከገባበት ደግሞ የላይኛውን ብሎን ይፍቱና በእጅ ፖምፓው ይግፉት። አረፋው አልቆ ጥሩ ናፍጣ ሲወጣ ያጥብቁ።»

እሷ እጇን እስከ ክርኗ አጥቁራ ተማረች። በርበሬ የለመደ እጅ ናፍጣ አላቃጠለውም።

መንጃ ፈቃዷን ይዛ የገባች ቀን ረዲ ይደሰታል ብላ ነበር። አሳየችው። አየው፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ምሳውን ልታጎርሰው ስትል አፉን ገጠመ። የናፍጣው ሽታ መስሏት እጇን በኦሞ ፈትጋ ታጥባ ተመለሰች። አሁንም አልዞረም። ያኔ ገባት።

«ቦታህን የወሰድኩብህ መሰለህ?» አለችው በቀስታ። «እኔ እኮ ከጎንህ መቀመጡ ይሻለኝ ነበር፣ ረዲ።»

እንባው ትራሱን አራሰው። ለብዙ ሳምንት መኪናዋ ውስጥ እንደ ዕቃ ዝም ብሎ እየተቀመጠ ተመላለሰ።

አንድ ቀን ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ዳገቱ ላይ ሞተሩ ተንተባትቦ ጠፋ። ከኋላ ጥሩምባው ቀለጠ። ጀሚላ ወርዳ ኮፈኑን ከፈተች፤ የትኛውን ብሎን እንደምትፈታ ጠፋባት። በረዲ በኩል መስኮቱ ተንኳኳ፤ በግራ እጁ እየጠራት ነው። ደግፋ አወረደችውና መኪናዋን ተደግፎ ቆመ። በጣቱ አሳያት፤ እሷ ፈታች። የእጅ ፖምፓውን እሱ በግራ እጁ ይገፋ ጀመር። አረፋው እየተፍለቀለቀ ወጣ።

«በቃ? ላጥብቀው?»

«ቆይ» አለ። «ቆይ... ቆይ...» ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። አጠበቀችው።

ሞተሩ ተነሳ። ጭሱ ከኋላ የቆመውን ሚኒባስ ሸፈነው፤ ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ ሰደባቸው። ረዲ ሳቀ። በአንድ ጎን የተጣመመ፣ ድምፅ የሌለው ሳቅ ነው፤ ግን የእሱ ሳቅ ነበር። ጀሚላ መንገዱን ሁሉ እያለቀሰችና እየሳቀች ነዳች። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እሱ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ እሷ ኮፈኑ ሥር ጎንበስ ብላ፣ አብረው መኪናዋን ያዩ ነበር። ማረቆ ደርሰው ስለመመለስም ታወራለት ጀመር። ትዳራቸው ተመልሶ የመጣ መሰላት።

ረመዳን ካለፈ በኋላ ነው፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ከዓይኑ ብርሃን ሲርቅ ያየችው። ጎረቤት አግዞ መኪናዋ ውስጥ አስገባላትና ብቻዋን ይዛው ወደ ሆስፒታል ወጣች። መርካቶ ያን ሰዓት ሰው ከጋሪ፣ ጋሪ ከጭነት መኪና ተደበላልቆ መፈናፈኛ የለም። ጥሩምባውን ተጭና አልለቅም አለች። ጭንቅላቱ ትከሻዋ ላይ ወደቀ፤ ማርሽ ስትቀይር እንዳታንገጫግጨው ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጋ ትለቃለች። «ደረስን፣ ረዲ። ያቺን መታጠፊያ ብቻ። አየህ፣ ሰዉ እየለቀቀልን ነው» ትለዋለች።

ሐኪሙ አንገቱን ዳሰሰና ቀና አለ።

«መንገድ ላይ ነው ያረፈው።»

«የቱ ጋ?» አለች ጀሚላ። ይህን ሊነግራት የሚችል ሰው አልነበረም። የቱ ድረስ ሰምቷት እንደነበረ፣ ከየቱ ወዲህ ለራሷ ስታወራ እንደነበረ አላወቀችም።

ወደ ቤት የመለሰችውም ራሷ ናት፤ ሙናዊር ከኋላ ሬሳውን አቅፎ። ታጠበ፣ ተከፈነ፣ ወንዶቹ ወደ ኮልፌ መቃብር ሊወስዱት ተሰበሰቡ። እዚያ ሴት አትሄድም። ሙናዊር ዓይኑ ደም መስሎ እጁን ዘረጋላት።

«ጀሚላ፣ ቁልፉን።»

«እኔ ልንዳው። መቃብሩ ጋ አልደርስም፤ በር ላይ አድርሼው እመለሳለሁ።»

«እንደማይሆን ታውቂያለሽ፣ እህቴ።»

ታውቃለች። ቁልፉን ሰጠችው፤ ጣቷ ግን ቶሎ አልለቀቀም።

«መብራቷ እስኪጠፋ ጠብቃት። ሁለተኛ ማርሽዋ ይከብዳል፤ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ርገጠው። አታንገጫግጭብኝ።»

ሙናዊር አንገቱን ነቀነቀ። ከአውቶማቲክ መኪና ሌላ ከያዘ ግን ዓመታት አልፈውታል። ሴቶቹ ቤት ውስጥ ሲያለቅሱ ጀሚላ በሩ ሥር ቆማ ጆሮዋን ሰጠች። መኪናዋ ተነሳች፣ ዘለለች፣ ሄደች። መታጠፊያው ላይ ስትደርስ ሁለተኛው ማርሽ ተንገጫገጨ፤ ብረት ከብረት ጋር ሲፋጭ እስከ ግቢው ተሰማ። ጀሚላ እስከዚያ ሰዓት አልጮኸችም ነበር። ያኔ ጮኸች።

ባል የሞተባት ሴት የምትቆይበትን የዒዳዋን አራት ወር ከዐሥር ቀን ከቤት ሳትወጣ ጨረሰች። ይሄይስ አልፎ አልፎ እየመጣ ሞተሩን ባያስነሳላት ባትሪው ይሞት ነበር። በወጣችበት ቀን ወደ በርበሬ በረንዳ ልትሄድ መሪውን ያዘች። እግሯ የለመደውን ረገጠ፣ እጇ የለመደውን አዞረ፤ ልብ ስትል ረዲ የሚታሽበት ቦታ በር ላይ ቆማለች። ዘበኛው አወቃትና ፈገግ ብሎ በሩን ከፈተ። ተሽከርካሪውን ወንበር እየገፋ መጥቶ በረዲ በኩል ያለውን በር ሲከፍት ባዶ መቀመጫ አየ።

«ጋሼስ?» አለ።

ጀሚላ የረዲን መቀመጫ በመዳፏ ዳበሰች። ዘበኛው ገባው። ባርኔጣውን አውልቆ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋላት። ከኋላዋ ሌላ በሽተኛ የጫነ መኪና ስለመጣ መንገድ መልቀቅ ነበረባት። ወደ ኋላ ማርሽ አስገብታ፣ እንባዋን በሻርፗ ጠርጋ፣ ወደ መርካቶ ዞረች።