በሌላ ሴት ስም የተጠራሁበት ግቢ

ባለቤቴ የትራክተር መካኒክ ነው። ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ በዚያው መተማ ቀረ፤ እዚያው ተጋባን። የሱዳን ጦርነት ሳይጀመር፣ አንድ የገዳሪፍ ባለእርሻ ማሽኖቹን እንዲጠግንለት ሲቀጥረው እኔም አብሬው ድንበሩን ተሻገርኩ። ለሦስት ወር ያልነው ዓመት ሊሞላው ትንሽ ቀረው።

ገዳሪፍ ለኛ ለመተማ ሰዎች የማናውቀው አገር አይደለም። ሸቀጡም ዐረብኛውም ከልጅነቴ ጀምሮ ገበያችን ውስጥ ነበር። እኔ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ከድንበሩ ማዶ ካለችው ከገላባት ወዲያ ረግጬ አላውቅም። ይህን ደጋግሜ የምናገረው ያኔ ማንም ስላላመነኝ ነው።

የተከራየነው ክፍል የጭቃ አጥር ባለው ሰፊ ግቢ ውስጥ ነበር። ከወዲያኛው ጥግ አንዲት አሮጊት ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ ሐጃ ይላቸዋል። በገባንበት ጠዋት ባለቤቴ ፍራሹን ሲያወርድ፣ ሐጃ የያዙትን ውሃ መሬት ላይ አስቀመጡና ትክ ብለው አዩኝ።

«መጣሽ?»

«አዎ፣ መጣን። እንደምን አሉ እናቴ?»

በስም ጠሩኝ። ስሙ ግን የኔ አልነበረም። «ስምንት ዓመት!» አሉ። «ስምንት ዓመት ሙሉ አንዲት ፀጉር እንኳ አልሸበተሽም።»

እርጅና ነው ብዬ ሳቅሁ። በማግስቱ ዳቦ ሻጩ በዚያው ስም ጠራኝ። ከዚያ ደግሞ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ፣ ባለቤቴ አጠገቤ ቆሞ እየሰማ፣ «ባል አገባሽ እንዴ? እንኳን ደስ አለሽ» አለኝ።

ምሳ ላይ ባለቤቴ እንጀራውን ቆርሶ ሳይጎርስ ያዘው።

«እውነቱን ንገሪኝ። እዚህ ኖረሽ ታውቂያለሽ?»

«የዛሬ ስምንት ዓመት እናቴ ሱቅ ቆሜ አልነበር? አንተ ራስህ በየቀኑ ብስኩት ልትገዛ እየመጣህ!»

«እሱማ አውቃለሁ» አለ። ዐይኑን ግን ከፊቴ ላይ አላነሳም።

ከሰፈሩ ሴቶች ትንሽ በትንሽ እንደሰማሁት፣ ያቺ ሴት የአገሬ ልጅ ነበረች። ብቻዋን በኛው ክፍል ተከራይታ የሰው ልብስ እያጠበች ትኖር ነበር። አንድ ቀን ከሐጃ ጋር ተጣልታ ወጣች፤ ወዴት እንደሄደች ማንም አያውቅም። ትታው የሄደችውን ጥቅልል ሐጃ አስቀምጠውላት ኖሮ፣ አንድ ከሰዓት አምጥተው እጄ ላይ ጣሉልኝ። አንድ ቀሚስና አንድ ጥንድ ጫማ ነበር። ቀሚሱ ልኬ ሆነ። ጫማውን ገልብጬ ሳይ የግራው ተረከዝ በውጭ በኩል ብቻ ተበልቷል። እኔ ልጅ ሆኜ ወድቄ ቁርጭምጭሚቴ ከተሰበረ ጀምሮ ወደ ግራ አዘነብላለሁ፤ የኔም ጫማ ሁሉ የሚያልቀው እዚያው ቦታ ላይ ነው። መልሼ ጠቀለልኩትና ለባለቤቴ ሳላሳይ አልጋ ሥር ከተትኩት።

«እኔ እሷ አይደለሁም» ማለቱ ሲሰለቸኝ ተውኩት። ሰው ሲጠራኝ ዝም ብዬ እዞር ጀመር። በጣም ያስፈራኝ፣ አንድ ቀን ባለቤቴ በራሴ ስም ሲጠራኝ ሳልሰማው መቅረቴ ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ሐጃ ታመሙ። ሴቶቹ ጠሩኝና ሄድኩ፤ ባለቤቴም ተከትሎኝ በሩ ላይ ቆመ። ጠፍር አልጋቸው ላይ እንደተኙ እጄን ያዙኝ።

«ወርቄን ሰረቅሽ ብዬ በሰው ፊት አዋረድኩሽ። ከሄድሽ በኋላ ማሽላው ጆንያ ውስጥ አገኘሁት። ይቅር በይኝ።»

ሴቶቹ ሁሉ ወደኔ ዞሩ። እውነቱን መናገር ፈለግሁ፤ ግን ለሚሞት ሰው ምን ይረባዋል?

«ይቅር ብያለሁ» አልኩ።

«ስትወጪ በሩ ላይ ቆመሽ ያልሽኝን ታስታውሻለሽ?»

አላውቀውም ልል ነበር። አፌ ግን ቀደመኝ። «‹ሲያገኙት እንዳይጠሩኝ› ነበር ያልኩዎ።»

ሐጃ ዐይናቸውን ጨፈኑ። «እሱን ነው ያልሽኝ። እኔም አልጠራሁሽም። ራስሽ መጣሽ።»

ወደ ክፍላችን ስንመለስ ባለቤቴ፣ «ከየት አመጣሽው?» አለኝ።

«እንጃ። በመላ የተናገርኩት ይመስለኛል።»

«ይመስልሻል?»

ሐጃ በሦስተኛው ቀን አረፉ። ከቀብሩ በኋላ ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። ለወራት በዚያች ሴት ስም ሲጠራኝ የኖረው ዳቦ ሻጭ ቀና ብሎ አየኝና፣ «ለሰፈሩ አዲስ ነሽ፣ እህቴ?» አለኝ። ልብስ ሰፊውም ያን ቀን አንገቱን ደፍቶ አሳለፈኝ። ከዚያ በኋላ በዚያ ስም የጠራኝ ሰው የለም። ባለቤቴ የጀመረውን ሞተር ገጥሞ እንደጨረሰ ዕቃችንን ጭነን ወጣን።

መተማ ገብተን ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። በቤተሰባችን ወደ ሱዳን ተሻግሮ የቀረ ሰው እንዳለ ጠየቅኳት፤ አንድም የለም አለችኝ። ቡና ቀዳችልኝና፣

«ያቺስ ምስኪን ወዴት ሄዳ ይሆን?» አለች።

ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው በዚያች ሴት ስም ስጠራ፣ እኔ ይህን አንድም ቀን አልጠየቅሁም ነበር።