አግዳሚው ላይ የተያዘልኝ ቦታ

ሰው ማርጀቱን የሚያውቀው ከመስታወት ነው የሚሉት ውሸት ነው። መስታወት ይሉኝታ አለው፤ በየቀኑ ስለምናየው ቀስ እያለ ያለማምደናል። ለእኔ ወሬውን ያደረሰኝ የሜክሲኮ ወያላ ነው። «ፋዘር፣ ጋቢና ይግቡ» ሲል ከኋላዬ ሽማግሌ ያለ መስሎኝ ዞር አልኩ። ማንም አልነበረም። ቢሆንም ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም፤ ወያላ ወንበር ለመሙላት የማይለው የለም።

ለእኔ የእርጅና ድንበር የእድራችን ድንኳን ነበር። ጌጃ ሰፈር ውስጥ ጡሩንባ ሲነፋ ወንዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ጉልበት ያለው ድንኳን ይተክላል፣ የደከመው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። ማን ከየትኛው ወገን እንደሆነ የሚወስን ደንብ የለም። አንድ ቀን አንዱ «ይቀመጡ» ይልሃል፣ አለቀ። በእኛ መንደር ካስማ የሚመታበት ባዶ መሬት ስለማይገኝ ገመዱን ከአንዱ አጥር፣ ከሌላው ማድ ቤት ጋር ማሰር ነው። የመሃሉን ምሰሶ ሁልጊዜ የምናቆመው እኔና ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ ነበርን። እሱ ከሥር ይይዛል፣ እኔ እገፋለሁ። አብረን አላደግንም፣ ብዙም አናወራም። ወዳጅነታችን እዚያ ምሰሶ ላይ ነበር ማለት ይቻላል።

መጀመሪያ የተቀመጠው እሱ ነው። ወገቡን ያመው ጀመርና አንድ ለቅሶ ላይ ወጣቶቹ ምሰሶውን ከእጁ ተቀብለው ወደ አግዳሚው ሸኙት። እኔ እንዴት እንደሳቅሁበት! ለቅሶ ቤት መሳቅ ነውር ነውና አፌን በጋቢዬ ሸፍኜ ጠጋ አልኩና ሹመት ያዳብር አልኩት። አልተቆጣም። አጠገቡ ያለውን ክፍት ቦታ በመዳፉ መታ መታ አደረገ።

«ሳቅ፤ ቦታ ይዤልሃለሁ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ በየለቅሶው አየው ነበር። አግዳሚው ጫፍ ላይ ይቀመጥና ባርኔጣውን አውልቆ ከጎኑ ያኖራል፤ ሰው ሲመጣ እንኳ ቶሎ አያነሳውም። እኔም እልህ ይዞኝ ምሰሶ መግፋቴን ቀጠልኩ። ሚስቴ ሌሊት ሌሊት ስታሸኝ፣ ሰው አልጠፋ፣ አንተን ማን አዞህ ነው እያለች ታጉረመርማለች።

ከዚያ እሱ ሞተ። ግድግዳ ስለምንጋራ ጡሩንባው ሳይነፋ የቤቱን ጩኸት ሰምቻለሁ። ለብሼ በቀጥታ ድንኳኑ ወደተቀመጠበት ሄድኩ። የእሱን ምሰሶ ሌላ ሰው እንዲያቆመው አልፈለግሁም። በሕይወቴ አጥብቄ የፈለግሁት ነገር ጥቂት ነው፤ ይህ አንዱ ነበር። እንጨቱን ጨብጬ ቀና ላደርገው ስል ክንዴ ከዳኝ። ምሰሶው ወደ አጥሩ ዘመም ሲል አንድ ጎልማሳ ጎረቤት ደርሶ ያዘው።

«አባባ፣ በቃ፣ እርስዎ ይቀመጡ» አለኝ።

በትህትና ነው ያለው። ያናደደኝም ትህትናው ነው። ልቆጣው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ግን ድንኳኑ ያለ እኔም ቀጥ ብሎ ቆመ። ሄጄ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እጆቼን የት እንደማደርጋቸው ግራ ገብቶኝ ጉልበቴ ላይ አኖርኳቸው።

ልደታ ማርያም ቀብረነው ስንመለስም እዚያው ቦታ ተቀመጥኩ። ድንኳኑ በሰው ሞላ። ከሩቅ የመጣ አንድ ዘመዱ ከፊቴ ቆሞ ወደ ጎኔ እየጠቆመ፣ «ሰው አለው?» አለኝ።

ዘወር ብዬ አየሁ። ሳላውቀው ባርኔጣዬን አውልቄ ከጎኔ አስቀምጬ ኖሯል።

«የለውም» አልኩትና አነሳሁት። ቀኑን ሙሉ እምቢ ያለኝ እንባ ያን ጊዜ መጣ።