አስርን የዘለለ ፕሮግራም

ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ በነበረው መሥሪያ ቤታችን አንድ ኮምፒዩተር ነበረ። አንድ ሙሉ ክፍል ይዞ፣ የራሱ ማቀዝቀዣ ተገጥሞለት ይኖራል፤ ለእኛ ለሠራተኞቹ ማራገቢያም አልነበረንም። የሚያውቀው ኮቦል የሚባለውን ቋንቋ ብቻ ነው። እኔ የፕሮግራም ጸሐፊ ነበርኩና ኮቦል አንጀቴን አሳርሮት ነበር። ሁለት ቁጥር ለመደመር ማመልከቻ የማስገባት ያህል ያስጽፋል።

ታዲያ ከውጭ የተመለሰ አንድ ዘመዴ፣ ፓስካል ስለሚባል አዲስ የፕሮግራም ቋንቋ የሚያስተምር መጽሐፍ ፎቶ ኮፒ አመጣልኝ። ገጽ አርባ ሁለት ሁለት ጊዜ አለ፤ አርባ ሦስት የለም። አንብቤ ስጨርስ ፍቅር ያዘኝ፤ ሌላ የምለው የለኝም። ችግሩ ማሽናችን ፓስካል አያውቅም። በከተማው ውስጥ የሚያውቅ ማሽን መኖሩንም አልሰማሁም። አንዱ ባልደረባዬ «ፈረስ ሳይኖርህ ኮርቻ ትወለውላለህ» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ማሽን ስላጣሁ ሰው ፈለግኩ። ለኮምፒዩተሩ የሚገባውን ካርድ ከሚበሱት ሴቶች መካከል አንዷ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ የተቀጠረች፣ መጽሐፉን ለሦስት ቀን ተውሳኝ ስትመልስ ገጽ ስድሳ ላይ ስህተት አለ አለችኝ። ነበረ። ከዚያ ወዲህ ምሳ ሰዓት ላይ ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት እየተቀመጥን እኔ ፕሮግራሙን እጽፋለሁ፣ እሷ ማሽን ትሆናለች። ወረቀት ላይ ሳጥኖች ትሥላለች፤ እያንዳንዱ ሳጥን ስም አለው፣ ውስጡ ቁጥር ይቀመጣል። ያዘዝኩትን መስመር በመስመር ትፈጽማለች፤ ቁጥሩ ሲለወጥ በላጲስ አጥፍታ አዲሱን ትጽፋለች። አንዲት ነጥብ ከረሳሁ እርሳሷን አስቀምጣ ማኪያቶዋን ትጠጣለች። ምን እንደጎደለ ብለምናትም አትነግረኝም። «ማሽን ምክር አይሰጥም» ነው መልሷ።

በዚያው ሰሞን ከአንድ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር ለአንድ ሰው የሚሆን የትምህርት ዕድል መጣ። ሁለት ዓመት፣ አዳዲሶቹን ቋንቋዎች፣ እውነተኛ ማሽን ላይ። እኔ አመለከትኩ። እሷም አመለከተች። ኃላፊያችን ማመልከቻዋን አይተው፣ ችሎታዋን የሚመሰክር ማኅተም ያለው ወረቀት፣ ከየትም ይሁን፣ ካመጣች መራጩ ኮሚቴ ዓርብ እንደሚያያት ነገሯት። እንዲህ ያለ ወረቀት ከየት ይመጣል? ከልቤ አዘንኩላት። ማዘን ቀላል ነበር።

ሰኞ ዕለት ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ኬክ ቤቱ ገብተው ጠረጴዛችን አጠገብ ቆሙ። አንድ ሰው ጠቁሞብን ኖሯል። ሳጥኖች፣ ከሳጥን ወደ ሳጥን የሚሄዱ ቀስቶች፣ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፉ ስሞች፤ ህቡዕ ድርጅት እንጂ ሌላ ምን ይመስላል? እኔም ብሆን እጠቁም ነበር። ወረቀቶቹን ሰብስበው ቀበሌ ወሰዱን።

ሊቀመንበሩ ቀድሞ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ ልብስ ሰፊ የነበሩ፣ መነጽራቸውን በክር ያሰሩ ሰው ናቸው። ጣታቸውን አንዱ ሳጥን ላይ አሳረፉ።

«ኤን ማን ነው?»

«ቁጥር ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አልኩ።

«የስንት ሰው ቁጥር?»

እሷ ግን «ከሚነገርዎ ቢያዩት ይሻላል» ብላ እርሳሷን አነሳች። «እሱ ያዝዛል፤ እኔ ማሽን ነኝ፣ የታዘዝኩትን እሠራለሁ።»

ፕሮግራሙ ከአስር በታች ያሉትን ጎዶሎ ቁጥሮች የሚደምር ነው። ከአንድ ይነሳል፣ ሁለት ሁለት ይጨምራል፣ አስር ሲሆን ይቆማል። አንድ አለች፤ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት፣ ዘጠኝ። ከዚያ አሥራ አንድ አለች። ያን ጊዜ ስህተቴ ገባኝ። በዓይኔ ለመንኳት። አሥራ ሦስት አለች። ሠላሳ ሰባት ላይ ስትደርስ ሊቀመንበሩ ትዕግሥታቸው አለቀ።

«መቼ ነው የሚቆመው?»

«አይቆምም። ቁም የተባለው አስር ላይ ነው፤ አስርን ዘለናት።»

«እያየሽ?»

«እኔ ብሆን እቆም ነበር። አሁን ግን ማሽን ነኝ።»

«ጥፋቱ የማን ነው?»

«የሱ» አለች፣ ዓይኗን ሳታሽ።

ሊቀመንበሩ «ልክ ሳይወስዱ ጨርቅ መቁረጥ ማለት ነዋ!» አሉ። ለቀቁን። ግን ደብዳቤ ጽፈው፣ ማኅተም መትተው፣ አሽገው ለመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ እንድናደርስ ሰጡን። እሷ መንገድ ላይ «ዛሬውኑ ስጣቸው፤ ከቆየ ይብሳል» አለችኝ። እሺ ብዬ ኪሴ ከተትኩት።

አልሰጠሁም። በዚያ ዘመን ከቀበሌ የወጣ ደብዳቤ ሰው ሲያመሰግን ያየ የለም። መሳቢያዬ ውስጥ ከተበላሹ ካርዶች ሥር ቀበርኩት። ለሁለታችንም ብዬ ነው፤ እስከዚህ ድረስ ሕሊናዬ ንጹሕ ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ግን ፍርሃቱ አላስቀምጥ ሲለኝ በምላጭ ከፈትኩት።

ሁለት አንቀጽ ነበር። የመጀመሪያው፣ ጓዲቷ ማሽን የሚሠራበትን መንገድ ጠንቅቃ እንደምታውቅና በግልጽ እንዳስረዳች ይመሰክራል፤ ትምህርት ቢሰጣት ለአብዮቱ ትጠቅማለች ይላል። ሁለተኛው ስለ እኔ ነው፤ ጓዱ ገና ይቀረዋል። ከሥሩ ክብ ማኅተም።

ኮሚቴው የሚሰበሰበው በማግሥቱ ነው። የኃላፊያችን ቢሮ ከጠረጴዛዬ ሃያ እርምጃ አይሞላም። እኔ ግን ተቀምጬ ደብዳቤውን በሙጫ መልሼ አሸግኩት፤ በጥንቃቄ፣ እንዳይታወቅ አድርጌ። ዓርብ ኮሚቴው እኔን መረጠ። ሰኞ ጠዋት ደብዳቤውን አደረስኩ።

ኃላፊያችን አነበቡት። ቀኑን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ባለፈው ሳምንት ቢደርሰን ጥሩ ነበር» አሉ።

«አዎ» አልኩ። ደብዳቤውን ፋይል ውስጥ አስገብተው ዘጉት።

እሷ እንኳን ደስ አለህ ልትለኝ መጣች። «እኔማ ቀበሌ አፌን ባልከፍት ኖሮ» አለች፤ ደብዳቤው በዕለቱ ደርሶ የከሰሳት መስሏት ነበር። «አንተን እንኳ አልጎዳህ፤ ተመስገን።» አፈርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ያልኳት ግን «ተይው፣ ያለፈ ነገር ነው» ነው።

ልሄድ ስል አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። እውነተኛው ማሽን ምን እንደሚመልስ ማወቅ የምትፈልጋቸው ዘጠኝ ጥያቄዎች ናቸው፤ ከየጥያቄው አጠገብ የራሷን ግምት ጽፋለች። በደረስኩ በሁለተኛው ሳምንት ማሽኑ ፊት ተቀምጬ አንድ በአንድ ሞከርኳቸው። በዘጠኙም ልክ ነበረች። ይህንኑ ጻፍኩላት። ረጅም ነው የጻፍኩላት፤ ስለ ብርዱ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ማሽኑ ፍጥነት። ስለ ቀበሌው ደብዳቤ ግን አልጻፍኩላትም።