ከሰማይ ያልወረደው መንገደኛ

«እምዬ፣ የዚያን የሰማዩን ሰውዬ ነገር ይንገሩን እንጂ» እያሉ የሚጨቀጭቁኝ የልጅ ልጆቼ ናቸው። እኔ እናገራለሁ፣ ትልቋ ትጽፋለች። እየጻፈች ትስቃለች። ትሳቅ፤ እኔን ግን ዛሬም ያንገበግበኛል።

ፊደል አልቆጠርኩም። እግሬም አንድ ቦታ አርፎ አያውቅም። የወንዱ ልጄ ቤት ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ነው፤ ሴቷ ልጄ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ትሠራለች። ብርዱ ሲጠናብኝ ወደ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ፤ ወበቁ ሲያፍነኝ ወደ ደሴ እወጣለሁ። ምራቴ «ሚኒባስ እንኳ እንደ እርስዎ አይመላለስም» ትለኛለች።

መጽሐፍ ያስለመደችኝ የኮምቦልቻዋ ናት። በእረፍት ቀኗ በረንዳ ላይ እግሯን ዘርግታ ታነባለች፤ አንድ ቀን ብቻዋን ስትስቅ ሰማኋትና «ጮክ በይ፣ እኔም ልስማው» አልኳት። ከዚያ ወዲያ እፎይ አላስባልኳትም። የመጽሐፉ ጸሐፊ፣ እንደነገረችኝ፣ ገና ስላልተሠራ መሣሪያና ስለ ሰማይ መንገድ በአማርኛ መጻፍ ከጀመሩት ውስጥ ነው፤ ያኔ ብዙ ሰው ስቆበታል አሉ። ምኑ ያስቃል? በአንደኛው መጽሐፉ ዝናብን በማሽን የሚያዘንቡ ሰዎች አሉ፤ ለማን ይዝነብ ተባብለው ሲጣሉ ቁርጥ የእኛን ገበሬዎች የመስኖ ተራ ጠብ ነው። በሌላው ደግሞ የሰው ሐሳብ የሚሰማ መሣሪያ የሠራች ሴት አለች። የባሏን ሐሳብ አንድ ቀን ሙሉ ሰምታ መሣሪያዋን ሙቀጫ ውስጥ ከታ ወቀጠችው። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ።

ያቃጠለኝ ሦስተኛው ነው። አንድ መካኒክ በሰማይ መኪና ይሄዳል። መኪናው ሽቅብ ሲነሳ ጆሮው ድፍን አለ፣ ምራቁን ዋጥ ሲያደርግ ተከፈተ ይላል። ወላሂ፣ እኔም ከደሴ ያንን ቁልቁለት ስወርድ ጆሮዬ እንደዚያ ነው! የማያውቀውን የሚቀባጥር ሰው ጆሮን አያስታውስም። ሩቅ አገር ደርሶ ሞተሩ ይጠፋበታል። እናቱ እዚህ ምድር ላይ፣ ይመጣል ብላ፣ በሯን ሳትቀረቅር ታድራለች። ብዙ ለፍቶ መጨረሻ ላይ ሞተሩ ሳል እንደያዘው ሰው እህ አለ። ልጄ መጽሐፉን አጠፈችው።

«ቀጥይ እንጂ!»

«አለቀ፣ እማ።»

«ምኑ ነው ያለቀው? ሰውዬው እዚያው ነው'ኮ!»

«በሁለተኛው ክፍል ይቀጥላል ይላል።»

«የታለ ሁለተኛው?»

«እኔ እንጃ» ብላ ወደ ፈረቃዋ ሄደች።

ደሴ የተመለስኩት ለሐሙስ ነው። ሐሙስ ሐሙስ የሰፈር እናቶች ለዱዓ እንሰበሰባለን። እያንዳንዷ ሐጃዋን፣ የልቧን ጉዳይ፣ ትናገራለች፤ የማን ነው፣ ምን ሆኖ ነው ተብሎ አይጠየቅም፤ ሁሉም እጁን ዘርግቶ አሚን ይላል። ሐጃዋ የደረሰላት ዳቦ ይዛ ትመጣና በምስጋና ይዘጋል። ያልደረሰው ክፍት ነው፤ በየሐሙሱ ይነሳል።

ተራዬ ሲደርስ ልቤ ላይ የነበረው እሱ ነው። «መንገድ የቀረ የሰው ልጅ አለ፤ እናቱ በሯን ከፍታ ትጠብቀዋለች፤ አላህ ለአገሩ ያብቃው» አልኩ። አሚን ተባለ። ልጆቻቸው ዐረብ አገር የቀሩባቸው አለቀሱ፤ እኔም አለቀስኩ። የመጽሐፍ ሰው ነው ማለት ትዝም አላለኝ።

በሚቀጥለው ሐሙስ የሁላችን ታላቅ የሆኑት ሴትዮ ገና ሳልቀመጥ «ገባ?» አሉኝ።

«ማን?»

«መንገደኛሽ ነዋ!»

«አልገባም፣ እትዬ።»

«አብሽሪ፣ ይገባል።»

እንግዲህ ፍለጋ ጀመርኩ። ፒያሳ መጽሐፍ ዘርግቶ የሚሸጥ ጎልማሳ ጋ ሄድኩ።

«ለማን ነው፣ እማማ?»

«ለእኔ።»

«ያነባሉ?»

«አላነብም፤ እሰማለሁ።»

«ታዲያ ይሄን ይስሙ፣ ጥሩ የፍቅር ነው።»

«ፍቅሩን ለራስህ አድርገው! እኔ ሰው ሰማይ ላይ ቀርቶብኛል!»

አጠገቡ ጫማውን የሚያስጠርግ ሰውዬ «አውሮፕላን ማረፊያው'ኮ ኮምቦልቻ ነው፤ እዚያ ወርደው ይጠብቁት» ብሎ አሳቀብኝ።

ኮምቦልቻም ወርጄ ጠየቅሁ። አንዱ አልቋል አለ፣ አንዱ ገና ይታተማል አለ፣ አንዱ ጭራሽ እንዲህ ያለ መጽሐፍ የለም ብሎ ተከራከረኝ። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የተኛ ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ እንኳ ከጎኑ ያለው በሽተኛ ትራስ ሥር መጽሐፍ አይቼ ልቤ ዘለለ። አስነበብኩት፤ የሒሳብ ሆኖ ተገኘ።

ልጄን «በይ አንቺው አውርጂውና ገላግይኝ» ብላት «ሰውዬው ያልጻፈውን?» ብላ እምቢ አለች። ምራቴ ደግሞ «ወረደ ብለው ዳቦውን ይዘው ይሂዱና ይገላገሉ» ትላለች። ያልደረሰን ሐጃ ደረሰ ብዬ አላህ ፊት እጄን ልዘርጋ? ዳቦው በጉሮሮዬስ ይወርዳል?

በጸሐፊው በጣም ተናደድኩ። የምንናደደው የወደድነው ላይ ነው መሰለኝ። የጆሮ መደፈንን እንኳ ሳይጽፍ ያላለፈ ሰው፣ እንዴት ያችን እናት በር ላይ ትቷት ይሄዳል?

ትልቋ ሴትዮ ግን አንድም ሐሙስ አልረሱትም። «ያንቺ መንገደኛ በእግሩ ነው እንዴ የሚመጣው?» ይሉኛል፤ ሴቶቹ ይስቃሉ። ከዚያ ከሁላችን አስቀድመው እጃቸውን ይዘረጋሉ፤ አሚናቸው ከሁሉም ይረዝም ነበር። እኔ እበሽቃለሁ፤ እሳቸው ይጠይቃሉ። እንዲህ እንዳለን አለፉ፤ አላህ ይዘንላቸው።

ከዓመታት በኋላ ልጃቸውን ገበያ አገኘኋትና የእናቷን ነገር አንስተን ስናወራ፣ ሐጃዬ አሁንም እንዳልተዘጋ ነገርኳት። ፈገግ አለች።

«እናቴ'ኮ መንገደኛው የመጽሐፍ ሰው መሆኑን ገና ያኔ ምራትዎ ሹክ ብላቸው ያውቁ ነበር» አለችኝ። «መጽሐፉን አፈላልገው በእኔ አስነበቡት። ሁለተኛው አልተጻፈም፤ ጸሐፊው መንገደኛውን እንዴት እንደሚያወርደው ጠፍቶት ተወው ተብሎ ተነገረን። ከዚያ ወዲያ እናቴ በየሐሙሱ አሚን የሚሉት ለጸሐፊው ነበር፤ አላህ እጁን ይፍታለት ብለው።»