የእትዬ የሻረግ ሰማያዊ መኪና

ልጅ ሳለሁ ተረት የመኪና ሰም ይሸተኝ ነበር። የሰፈራችን ልጆች ተረት የሚሰሙት ምድጃ ዳር ተቀምጠው ነው፤ እኔ ግን የምሰማው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ደብረ ማርቆስ ከቤታችን አጠገብ ባለው የእትዬ የሻረግ ግቢ፣ ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር፣ በእጄ ቁራጭ ፎጣ ይዤ ነበር።

እትዬ የሻረግ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ነበሩ። ባላቸው ጋሽ ታምሩ በአባይ በረሃ መንገድ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው፣ በስተርጅና አንዲት አሮጌ ሰማያዊ የቤት መኪና ገዝተው፣ ብዙም ሳይነዷት አረፉ። እትዬ መንዳት አይችሉም። ልጃቸው ጌትነት ከሚሠራበት ከደጀን ሲመጣ አስነሥቶ እስከ ሉማሜ ደርሶ ይመልሳታል እንጂ ሌላውን ጊዜ ሸራ ለብሳ ትቆማለች። እሳቸው ግን በየቅዳሜው ሸራውን ገፈው፣ አንድ ሳምንት ኮፈኗን፣ ሌላ ሳምንት በሮቿን እያሉ እንድታብረቀርቅ ሰም ይቀቧታል። «ትርንጎ ስትዳር ከዚህ ግቢ የምትወጣው በአባቷ መኪና ነው» ይሉ ነበር። ትርንጎ የመጨረሻ ልጃቸው ናት።

ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ማጠብ፤ «አሸዋ ከጨርቅሽ ሥር ከገባ ሰም ሳይሆን ምስማር ነው የምትቀቢያት» ይሉኛል። ቀጥሎ ጠብታ እስከማይቀር ማድረቅ፣ ቆርቆሮዋን በእጅ ጀርባ ነክቶ ፀሐይ እንዳላጋላት ማረጋገጥ። ከዚያ በጨርቅ ጫፍ ከጣሳው ትንሽ ሰም ነክቶ፣ እያዞሩ ስስ አድርጎ መቀባት። ሰሙ እንደ ጭጋግ ነጣ እስኪል ይጠበቃል፤ በጣት ሲነካ ካልተጣበቀ በንጹሕ ጨርቅ ይወለወላል።

ተረቱ የሚመጣው በዚያ ጥበቃ መሐል ነበር። እትዬ በርጩማቸውን ስበው ይቀመጡና ጋሽ ታምሩ ከመንገድ ያመጡላቸውን ተረት ዝግ ባለ ድምፅ ይጀምራሉ፤ ከጎረቤት ጓሮ የሚነሣው የማገዶ ጭስ በዛፎቹ መሐል ተንጠልጥሎ፣ ፀሐይዋ ወደ ቢጫነት ስታዘነብል፣ ያኔ ዓለም በሙሉ እሳቸው አፍ ላይ ያለች ይመስለኝ ነበር። ሰሙ ሲደርቅ ግን ተረቱ የትም ይድረስ የት «በቃ፣ ደረቀ» ብለው ይነሣሉ። ያን ሰሞን የጀመሩልኝ አባይ በረሃ ሲወርድ በቅሎው አፍ አውጥታ ስላናገረችው ነጋዴ ነበር። «በዚህ በኩል አትሂድ» አለችው፤ ምን እንዳየች ሳትነግረው አንድ ወር አለፈ።

ትርንጎ የተዳረችው በጥር፣ በእሑድ ቀን ነው። ዋዜማው ላይ ግቢው በዳስና በሴቶች ተሞልቶ ሳለ እትዬ ጠሩኝና ጣሳውን አስያዙኝ።

«ብርቱዬ፣ ዛሬ ሙሉዋን ትቀቢልኛለሽ። አንዱን ወገን ሳትወለውዪ ወደ ሌላው እንዳትሄጂ።»

«ተረቱስ?»

ሳቁ። «እስኪደርቅ መጥቼ እጨርስልሻለሁ።»

«እስኪደርቅ» ያሏት ቃል አእምሮዬ ውስጥ ቀረች። ስስ ከሆነ ቶሎ ይደርቃል፤ ወፍራም ከሆነ ይዘገያል፣ ተረቱም ይረዝማል። አሥር ዓመቴ ነበር። መኪናዋን ከኮፈን እስከ ኋላ፣ ጣሪያዋን ደግሞ በርጩማ ላይ ቆሜ፣ ቂጣ ላይ ቅቤ እንደሚቀባ ለቀለቅኳት። ከዚያ እሳቸውን ለመጥራት ሮጥኩ። እትዬ ግን ከሮብ ገበያ ከተማ የመጡ ዘመዶቻቸውን እየሳሙ ነበርና «መጣሁ፣ መጣሁ» አሉኝ። ጠበቅኋቸው። ጥላው ዞረ፤ ፀሐይዋ መኪናዋ ላይ አረፈች። ልወለውላት ስሞክር ሰሙ እንደ ኖራ ደርቆ አልነቃነቅ አለ። ክንዴ እስኪዝል ፈተግኩ፤ ዥንጉርጉር ሆና ቀረች።

ዳሱ ውስጥ አምፖል ሲበራ እትዬ ብቅ አሉ። ሸራውን አልብሻት ነበር።

«ጨረስሽልኝ?»

«አዎ።»

«አማረች?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ተባረኪ። ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። ያን ምርቃት ተሸክሜ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ጠዋት ጌትነት ሸራውን ሲገፍ እዚያው ነበርኩ። «ይኼ ምንድን ነው? ሊጥ ነው እንዴ የቀባችኋት?» ብሎ ጮኸ። ሙሽራው ሊደርስ ጥቂት ቀርቶታል። አንድ ጓደኛው ከዕቃ አጣቢዎቹ የድስት መፈተጊያ ሽቦ ነጥቆ መፈተግ ጀመረ። እትዬ ከጓዳ «ኧረ ተው፣ በሽቦ አይሆንም!» እያሉ ሲሮጡ ቀለሙ ከሰሙ ጋር ተልጦ፣ ኮፈኗ ላይ ራቁቱን የቀረ ቆርቆሮ ታየ።

«ማነው እንዲህ ያደረጋት?» አለ ጌትነት።

እትዬ አዩኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «አብዝቼባት ፀሐይ ላይ ረሳኋት።»

ትርንጎ ሙሽራው ይዞት በመጣው ነጭ መኪና ሄደች። እልልታው ወደ አውራ ጎዳናው ሲርቅ፣ እትዬ ብቻቸውን ከሰማያዊዋ አጠገብ ቆመው የተላጠውን ቦታ በነጠላቸው ጫፍ እንደ ቁስል ሲደባብሱት አየሁ። ከግቢያቸው ወጣሁ፤ ተመልሼም አልገባሁም። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ለእናቴ «ጥናት አለብኝ» እላት ነበር። በኋላ ለትምህርት ባሕር ዳር ሄድኩ፣ ሥራም እዚያው ያዝኩ።

ባለፈው ዓመት የራሴን መኪና ገዛሁ። አንድ ቀን ሰም ስቀባ በሩ ላይ ደርቆብኝ ስታገል፣ ጎረቤቴ የሆነ መካኒክ አይቶ ሳቀ። «አዲስ ሰም ላዩ ላይ ስስ አድርገሽ ቀቢና ሳይደርቅ ጥረጊው፤ አሮጌውን ያለሰልሰዋል» አለኝ። እንዳለኝ አደረግሁ። ወዲያው ለቀቀ። ጨርቁን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ፤ ያኔ፣ ያን ምሽት፣ ጣሳው ውስጥ የተረፈ ሰም ነበር።

በሳምንቱ ማርቆስ ሄድኩ። እትዬ አርጅተዋል፤ መኪናዋ ተሸጣ፣ ቆማበት የነበረው ቦታ ጎመን ተተክሎበታል። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ለምን እንዳበዛሁት፣ ለምን እንደዋሸሁ፣ መካኒኩ ያሳየኝንም ዘዴ።

«እሱንማ ታምሩም አሳይቶኝ ነበር» አሉ። «ማታውኑ ብትነግሪኝ አብረን እናስለቅቀው ነበር።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ።»

«የመኪናዋን ተዪው፣ ቆርቆሮ ናት። አንቺ ለምን ቀረሽብኝ? ስንት ቅዳሜ በሩን ገርበብ አድርጌ ጠበቅሁሽ።»

በዚያ ሁሉ ዓመት ሳፍር የኖርኩት በተላጠው ቀለም ነበር፤ ከአጥር ማዶ የሚጠብቀኝ ሰው እንዳለ አንድ ቀን እንኳ አስቤ አላውቅም። ዛሬ ልጅነቴን ሳስታውስ ቀድሞ ፊቴ የሚደቀነው ያ ገርበብ ያለ በር ነው፤ በዓይኔ ያላየሁት፣ ከቤታችን አሥር እርምጃ የማይርቀው።