ስሜን ከነአባቴ ጥሩኝ

እኔ ሙሉ ክርስቲያን ነኝ። በሰማንያ ቀኔ ተጠምቄያለሁ፤ የአንገቴ ማተብ ባረጀ ቁጥር እናቴ አዲስ ታስርልኛለች፤ የቅዳሴውን ተሰጥኦ ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ። አባቴ ሙስሊም ነው። እነዚህን ሁለት ነገሮች አከታትዬ ስናገር ፊታቸው የሚለዋወጥ ሰዎች አሉ። ድሬዳዋ ተወልደው ያደጉትን ግን ብዙም አይገርማቸውም። በእኛ ግቢ አንዱ ቤት ጾም ሲይዝ ሌላው ቤት ጾም ይፈታል፤ ማን በየትኛው ቀን ምን እንደሚበላ ልጆቹ ሁሉ ያውቃሉ።

አባቴ ድሮ የባቡር ጥገና ሠራተኛ ነበር፤ አሁን ባጃጅ ይነዳል። እሑድ እሑድ ማለዳ እናቴንና እኔን ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሰን እሱ ነው። የደቻቱን ወንዝ ድልድይ እንደተሻገርን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቅሬታ ያሰማል፤ «የመጀመሪያ ተሳፋሪዎቼ እናንተ፣ የማትከፍሉትም እናንተ!» እንቅልፍ ከያዘኝ ደግሞ ከበር ላይ ይጮኻል፤ «ተነሺ አቦ! ቄሱ ተነስተው አንቺ ትተኛለሽ?» የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ያወርደንና ይሄዳል። ገብቶ አያውቅም፤ አንድም ቀን ግን አላስረፈደንም።

ዘንድሮ እዚሁ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ሕፃናት አስተምርበት የነበረው ሰንበት ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበት በዓል ሲቃረብ «ቤተ ክርስቲያን ማለት ምን ማለት ነው?» በሚል ርእስ ጽሑፍ እንዳቀርብ ታዘዝኩ። ሦስት ገጽ ሲሉኝ ስድስት ጻፍኩ፤ ከዚያ መልሼ አሳጠርኩት። እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ። ሰው ሲያመሰግነኝ ደስ ይለኛል፤ ሰው ሲቆጣኝ ምግብ አይበላልኝም። ስለዚህ እምቢ ማለት ለእኔ ቀላል እንዳልነበር ይታወቅልኝ።

ጽሑፉ ከሕፃናት ክፍል ጀምሮ የተማርነውን ይዟል። ቤተ ክርስቲያን ማለት የምንጸልይበት ሕንፃ ነው፤ እያንዳንዱ ክርስቲያን ነው፤ የክርስቲያኖችም አንድነት ነው። አዲስ ነገር አልፈጠርኩም። ሦስቱን በየተራ በጥንቃቄ አብራራሁ፤ የሰንበት ትምህርት ቤቱ አስተባባሪም አንብቦ «ግሩም ነው፣ እኅቴ» አለኝ። ቀኑን ሙሉ በዚያ ቃል ስደሰት ዋልኩ።

ከበዓሉ አንድ ቀን በፊት በአዳራሹ ልምምድ አደረግን። መድረክ የምትመራው ጓደኛዬ የአቅራቢዎቹን ስም በተራ ጠራች። መዝሙር የሚመራውን ልጅ ከነአባቱ ስም ጠራችው። ግጥም የምታነበውንም እንዲሁ። እኔ ጋ ስትደርስ በክርስትና ስሜ ብቻ ጠራችኝና ዓይኗን ከእኔ አሸሸች።

«የእኔ ለምን ተለየ?» አልኩ።

መልሱን የሰጠኝ አስተባባሪው ነው። «ምን ተለየ? የክርስትና ስምሽ አይደለም እንዴ?»

«ነው። እነሱም እኮ የክርስትና ስም አላቸው።»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኅቴ፣ ነገ ከሀገረ ስብከት እንግዶች ይመጣሉ። የአባትሽ ስም በማይክ ሲጠራ ግር ይላቸዋል። ይቺ ደግሞ ከየት መጣች ማለታቸው አይቀርም። ላንቺው ብዬ ነው።»

«ከየት መጣች ካሉህ ከለገሀሬ ሰፈር ነው በላቸው።»

መዘምራኑ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። «ቀልድ አይደለም» አለኝ።

«እኔም አልቀለድኩም።»

ከዚያ በኋላ ግን ድፍረቴ ከዳኝና «እሺ፣ ላስብበት» ብዬ ወጣሁ። በቀጥታ የሄድኩት ወደ ንስሐ አባቴ ነው። ከእኔ ጋር እንደሚቆሙ ጠብቄ ነበር። ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው በትዕግሥት አዳመጡኝና «ልጄ፣ የአንድ ቀን ነገር ነው። ሰላም ይሻላል። ስምሽ እንደሆነ እግዚአብሔር ዘንድ የታወቀ ነው» አሉኝ።

«አባቴ፣ እግዚአብሔር ያወቀውን እንግዶቹ ቢያውቁት ምን ይጎዳቸዋል?»

«አንቺ ልጅ! ዩኒቨርሲቲ አስገብተው ጠበቃ አደረጉሽ» ብለው ሳቁና በመስቀላቸው ባረኩኝ። 

ቤት ስደርስ አባቴ ባጃጁን እያጠበ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት። መጀመሪያ ቀለደ። «እና ምን ችግር አለው? ስሜን ቤት ተይው አቦ፤ አይርበውም፣ እኔ አበላዋለሁ።» እናቴ ከውስጥ ሆና «ምን ዓይነት ወሬ ነው!» ብላ ጮኸችበት። እሱ ሳቅ አለና ወደ ሥራው ተመለሰ። ቆሜ ሳየው ግን የጸዳውን መስታወት ደጋግሞ ያብሳል።

ከአስተባባሪው ቃል ይልቅ ያናደደኝ ይህ ነው። አባቴ በጣም ቶሎ ፈቀደ። እኔ ክርስትና እንድነሳ ሲስማማ ከገዛ ወንድሞቹ ጋር ተኳርፏል፤ የጥምቀቴን ነጭ ልብስ የገዛው እሱ መሆኑን እናቴ ዛሬም ታወራለች። እናቴ ስትጾም የጾም ዘይት አስታውሶ ይዞ ይገባል። ይህን ሁሉ ያደረገ ሰው አሁን ስሙን ደግሞ ደብቁልኝ ማለት ነበረበት? አይሆንም አልኩ። እሱ ቢፈቅድ እኔ አልፈቅድም።

ጽሑፌን አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። እያንዳንዱ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ነው ብዬ በእጄ ጽፌያለሁ። እኔ ቤተ ክርስቲያን ከሆንኩ፣ ይህ ቤት ሲሠራ ድንጋይ ካቀበሉት አንዱ አባቴ ነው። ቤቱን እያሞገስኩ ድንጋይ ያቀበለውን ሰው አላውቀውም ብል፣ ያቀረብኩት ትምህርት በአፌ ብቻ ያለ ትምህርት ይሆናል። የክርስትና ስሜን እወደዋለሁ፤ ስቆርብ የምጠራበት ስም ነው። የምወደውን ስም መሸፈኛ ሲያደርጉት ዝም ብዬ አላይም።

በማግስቱ ጠዋት ወንበር ሲደረድር አስተባባሪውን አገኘሁት። «ወንድሜ፣ እንደ ሌሎቹ በሙሉ ስሜ ከተጠራሁ እነሳለሁ። ካልሆነ አልነሳም።»

«አሁን ጊዜ የለንም፤ ትነሻለሽ» አለኝና ወንበሩን ይዞ አለፈ። አላመነኝም። እምቢ ስል ሰምቶ ስለማያውቅ አልፈርድበትም።

አዳራሹ ሞላ። ማራገቢያው ቢሽከረከርም ሙቀቱ ያው ነበር። እንግዶቹ ከፊት ተቀምጠዋል። እኔ ከእናቴ አጠገብ ነኝ፤ ጽሑፉ በእጄ ውስጥ በላብ ረጥቧል። መዝሙር ተዘመረ፤ ግጥም ተነበበ። ከዚያ ጓደኛዬ የክርስትና ስሜን ጠራች።

አልተነሳሁም።

ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ጓደኛዬ ጉሮሮዋን ጠርጋ ደግማ ጠራች። አስተባባሪው ከመድረኩ ጥግ ሆኖ በእጁ ተነሺ፣ ተነሺ ይለኛል።  ለአፍታ ተነስቼ ነገሩን ልገላገለው ብዬ አሰብኩ። በዚህ መሐል እናቴ እጇን ጉልበቴ ላይ አሳረፈች። ልታስነሳኝ መስሎኝ ነበር። እጇ ግን ወደ ታች ተጫነኝ።

ጓደኛዬ አስተባባሪውን አየችው፤ እኔን አየችኝ። ከዚያ የዓለም ስሜን፣ ቀጥላም የአባቴን ስም፣ አንድ በአንድ በማይኩ ጠራች። ከኋላ ጉርምርምታ ተሰማ። ከእንግዶቹ አንዱ ቀና ብለው አዩኝ። ተነስቼ ሄድኩና አነበብኩ። ስለ አባቴ አንድም ቃል አልጨመርኩም፤ መጨመር አላስፈለገኝም። መጀመሪያ ድምፄ ተንቀጥቅጦ ነበር። ሁለተኛው ትርጉም፣ እያንዳንዱ ክርስቲያን የሚለው ላይ ስደርስ ግን ቀጥ አለ።

ሲያልቅ ከእንግዶቹ አንዳንዶቹ አጨበጨቡ፤ አንዳንዶቹ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። አስተባባሪው በር ላይ ጠበቀኝ።

«አሁን ደስ አለሽ?»

«አዎ።»

«በሰው ፊት አዋረድሽን።»

«ማንም አልተዋረደም። አንድ ሰው በስሙ ተጠራ።»

ከዚያ ወዲህ ጽሑፍ አቅርቢ ያለኝ የለም። የሕፃናት ክፍል ማስተማሬንም ለሌላ ሰው ሰጡት፤ ይህ ከሁሉ በላይ አሞኛል፤ ልጆቹን እወዳቸው ነበር። ይቅርታ ከጠየቅሽ ትመለሻለሽ ተብያለሁ። አስቤበታለሁ፤ ከልቤ አስቤበታለሁ። እኔ እግሬን የረገጠኝን ሰው እንኳ ይቅርታ የምጠይቅ ሰው ነኝ። ለዚህኛው ግን ይቅርታ የለኝም። አኩርፌ እቤት የምቀርላቸው ከመሰላቸውም ተሳስተዋል፤ ከገዛ ቤቱ ተኳርፎ ወዴት ይኬዳል?

ከበዓሉ ቀጥሎ በነበረው እሑድ ነጠላዬን ተከናንቤ ቅዳሴ ገባሁ። አንዳንዶቹ ዞር ብለው አዩኝ። በሴቶቹ መቆሚያ በኩል አልፌ ከፊት ቆምኩ።