ሰባት ቤት የሚቆጥር በር

ያ ዓርብ ምን እንዳስከፈለኝ አስቀድሜ ልናገር። ነጋዴ ነኝ፤ ዋጋውን ሳልሰማ ዕቃ አላገላብጥም። አንድ ነጭ የጭነት መኪና ከነጤፏ፣ እዚህ እስራኤል በአፉላ ከተማ አውቶቡስ ጣቢያ አጠገብ ስንት ዓመት የቆምሁባት ጥግ፣ ለሰንበት የተጋገረ አንድ ሣጥን ሙሉ ዳቦ። ዳቦውን ማን እንደበላው እስከ ዛሬ አላውቅም። ተበልቶ ከሆነ ደግ፤ ተጥሎ ከሆነ ግን ያናድደኛል።

የሕያዋንን ስም እዚህ አልጠራም። የሙታኑን እጠራለሁ፤ እነሱን ማንም አይከሳቸውም።

በዚያ ሳምንት በሌላ ከተማ ከኢትዮጵያ ከመጣነው አንድ የኛ ልጅ በፖሊስ እጅ ክፉ ነገር ደርሶበት ነበር። ወጣቶቹ ዓርብ ጧት መጥተው መንገዱ ላይ ተቀመጡ። እኔ ለፖለቲካ አልወጣሁም፤ ውኃ ልሸጥ ነው የወጣሁት። ፀሐዩ ያቃጥላል፣ የተቀመጠ ሰው ይጠማዋል፤ ከዚህ በላይ ያሰብሁት የለም። ጠርሙሶቹን ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድሬ በረዶ አድርጌያቸዋለሁ። ግማሹን ከሸጥሁ በኋላ ነገሩ ተበላሸ። አንዲት ልጅ «አባባ፣ ገንዘብ አልያዝኩም» አለችኝ፤ ሰጠኋት። ጎኗ የተቀመጠውም አልያዘም። ከሱ ቀጥሎ ያለው ይያዝ አይያዝ መጠየቁን ተውሁት። ሰው ተቃዋሚ የሚሆነው እንዲህ መሆኑን የነገረኝ አልነበረም።

አንድ ከባድ መኪና ጡሩንባውን እየነፋ ወደ ተቀመጡት መግፋት ጀመረ። መኪናዬን አዙሬ መሐል አቆምኋት። ደንበኛዬን የሚገጭብኝን ሰው አልወድም። ወዲያው አንድ ጠርሙስ በአናታችን ላይ አልፎ የፖሊሱን መኪና መስተዋት ሰነጠቀው። የኔው በረዶ ነበር።

ፖሊሶቹ ወስደው የዘጉብኝ ክፍል ነጭ ቀለም የተቀባ፣ በረኪና በረኪና የሚሸት፣ ሁለት የብረት አልጋ ያለበት ነው። ከጣራው ቀዝቃዛ አየር ይወርዳል። እንዲህ የጸዳ እስር ቤት አይቼ አላውቅም። ድሮ ከኢትዮጵያ ልንወጣ ስንል ተይዤ የታሰርሁት እህሉ ወጥቶ ባዶ በቀረ ጎተራ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ጋር ሳስተያየው ይኼ ሆቴል ነው። በሩ ግን ያው በር ነው። በውስጥ በኩል እጀታ የለውም።

በአንደኛው አልጋ ጫፍ እንደኔው ከመንገዱ ላይ የተያዘ አንድ የኛ ልጅ ተቀምጧል። እዚሁ የተወለደ ነው፣ ጢሙ ገና መብቀሉ። በአፉ ይተነፍሳል፤ ትንፋሹ ደረቱ ላይ እየደረሰ ይመለሳል።

«ልጄ፣ ምን ሆንህ?»

«በሩ» አለኝ። «ሲዘጋ አልችልም።»

ለእንዲህ ያለ ሰው ምን እንደሚባል አላውቅም። እኔ የማውቀው በሰርግም፣ በለቅሶም፣ በገበያም የምጠይቀውን አንድ ጥያቄ ነው።

«የማን ልጅ ነህ?»

የአባቱን ስም ነገረኝ። አያቱን ጠየቅሁት፤ «ዘለቀ» አለኝ።

«ከዘለቀስ ወዲያ?»

«አላውቅም። ማንም አልነገረኝም።» ትንፋሹን ሳበ። «እኔም አልጠየቅኩም።»

የኛ ሰው ልጁን ከመዳሩ በፊት በሁለቱም ወገን ሰባት ቤት ድረስ ይቆጥራል። በመካከል አንድ ሰው ላይ ከተገናኙ ጋብቻው ይቀራል። ቆጠራውን ከአባቴ ነው የተማርሁት። በርበሬና ጤፍ ጭኜ ከቤት ሸአን ከተማ እስከ ሐዴራ ከተማ ስዞር እናቶቹ እየመረጡ ይጠይቁኛል፤ የዚያች ልጅ ቤት ከኛ ጋር አይነካካም ወይ? መልሱ በነጻ ነው፤ በርበሬው ግን አይደለም።

«ምን ትሠራለህ?» አልሁት፣ ወሬው እንዳይቋረጥ።

«ኮሌጅ ነኝ፤ ኮምፒውተር። ደግሞ እጽፋለሁ።»

«ምን?»

«ልብ ወለድ። ስለ በሮች።» ይህን ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ከዚያ በር ላይ አነሣ።

ሰው ሳይፈጠር በፊት፣ አለ፣ ከኮከብ ወደ ኮከብ የሚሄዱ ፍጡራን ነበሩ። ባለፉበት ሁሉ የየሕዝቡን እውቀት ይሰበስቡ ነበር፤ መድኃኒቱን፣ ቋንቋውን፣ የወንዙን ስም፣ ለልጅ የሚዘፈነውን ሳይቀር። ሁሉንም ባዶ ዓለም ውስጥ አከማቹት፤ ምድርን የሚያህል መጋዘን ሆነ። ከዚያ እነሱ ጠፉ። በየዓለሙ ግን ወደዚያ መጋዘን የሚያስገባ አንድ አንድ የድንጋይ በር ትተዋል። የኛ ምድር በር እዚሁ አፉላ፣ ከጊቫት ሃሞሬ ኮረብታ ግርጌ፣ እርሻው ውስጥ ተቀብሯል።

«ከዓለም ሁሉ መርጠው አፉላ?»

«ማንም የማይፈልግበት ቦታ ነዋ» አለኝ። ትንፋሹ ተስተካክሏል።

«ጠባቂው ማን ነው?»

«ጠባቂ የለውም። በሩ ራሱ ይጠይቃል፤ ሰው ፊቱ ሲቆም ‹ማን ነው የመጣው?› ይላል። አዋቂዎች ይመጣሉ፣ ጄኔራሎች ይመጣሉ፣ ስማቸውን ማዕረጋቸውን ይናገራሉ፤ አይከፈትም። አንዲት ሴት ከአንድ ሽማግሌ ጋር ትመጣለች። እዚያ ላይ ቆሜያለሁ፤ ሁለት ዓመቴ። ምን ብትል እንደሚከፈት አላውቅም።»

«ያንተው በር አይደል?»

«የኔው ነው። ዘጋሁትና መክፈቻው ጠፋኝ።»

ከበሩ ውጭ ሳቅ ሰማሁ። ጠባቂው ወንበሩን በሩ ላይ ወዳለችው ትንሽ መስኮት አስጠግቶ ሲያዳምጥ ኖሯል። እሱም የኛ ልጅ ነው፣ ዩኒፎርም የለበሰ። «ቀጥል እንጂ» አለው።

ቀትር ላይ መርማሪው አስጠራኝ። የኔን ልጅ የሚያህል፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው፤ በወረቀት ኩባያ ሻይ ሰጠኝ።

«አንተን የሚፈልግህ የለም» አለኝ። «መኪናህ መንገድ ዘግታለች፤ እሱ በቀላሉ የሚታይ ነው። ያ ልጅ ጠርሙሱን ሲወረውር አይተኸዋል።»

ጥያቄ አልነበረም። እኔ ያየሁት ጠርሙሱ ልጁ ከቆመበት ወገን ሲመጣ ነው። በዚያ ወገን የቆመው እጅ ሁሉ የኔን ጠርሙስ ይዞ ነበር።

«አስበህ ሰንበት ሳይገባ ንገረኝ። ከገባ ሁላችንም እስከ እሑድ እዚሁ ነን።»

ስመለስ ልጁ ምን እንዳለኝ ጠየቀኝ። ነገርሁት።

«እኔ አልወረወርኩም፣ ጋሼ።»

«አላየሁም።»

«አላየሁም ማለት አልወረወርክም ማለት ነው?»

«አላየሁም ማለት አላየሁም ማለት ነው።»

«የፖሊስ መዝገብ ካለብኝ ማንም አይቀጥረኝም። እናቴ የሰው ሽማግሌ እያጠበች ነው የምታስተምረኝ» አለኝ።

«እኔም መኪናዬ ካልወጣች ቤቴ የሚገባ እንጀራ የለም» አልሁት። ሁለታችንም እውነት ነበር የተናገርነው። ስለዚህ የምንባባለው አለቀ።

ወደ ማውቀው ሥራ ተመለስሁ። «ዘለቀ ያልኸኝ፣ የወገራው ነው? የሚያነክሰው?»

«ያነክስ ነበር! እናቴ ትላለች።»

«እንግዲያ ዘለቀ የተሰማ ልጅ ነው። ተሰማ የአብተው። አብተው የብሩ…» አልሁና ቆምሁ። ብሩ የኔም ነው። በጣቴ ቆጠርሁ፤ አየለ፣ ፈረደ፣ ጎሹ፣ ብሩ። እኔ በአራት ቤት፣ እሱ በአምስት ቤት፣ አንድ ሰው ላይ ገጠምን።

«የሥጋ ዘመዴ ነህ» አልሁት።

ደስ አለኝ፤ የዝምድናው ብቻ አይደለም። ምክንያት አገኘሁ። ዘመድ በዘመዱ ላይ አይመሰክርም፤ ይህን ማንም ይረዳልኛል። ሚስቴ መኪናዋ የት ደረሰች ብትለኝ «የብሩ ልጅ ሆኖብኝ ነው» እላታለሁ፤ አበቃ።

«ጋሼ» አለ ጠባቂው በመስኮቷ። «እርግጠኛ ነህ? እናቴ የወገራን ሰው ሁሉ ትቆጥራለች። ሰንበት ሳይገባባት ልደውልላት?»

«ደውል» አልሁት። ማኅተም እንደሚያስመታ ሰው ነበር የኮራሁት።

ስልኩን ወደ መስኮቷ አስጠጋው። መጀመሪያ የሚንተከተክ ድስት፣ ከዚያ ድምፅ ሰማን።

«ምነው ልጄ፣ ደህና አይደለህም? ወጡ እሳት ላይ ነው!»

«ደህና ነኝ እማ። አንድ እስረኛ አለ፣ ዘሩን…»

«የማንን ልጅ ነው ያሰርኸው?»

«እኔ አላሰርኩም እማ። እኔ በር ላይ ነኝ።»

«በር ላይ ያለውማ አይደል የሚያስረው!»

ጠባቂው አንገቱን ደፋ። እኔ ጣልቃ ገባሁ። «እትዬ፣ እንደምን ዋሉ?»

«ማነህ? ቆይ፣ ድምፅህን አውቀዋለሁ። በርበሬ ሻጩ! ያለፈው በርበሬህ ጨው ነው።»

«እለውጥልዎታለሁ፣ እትዬ።» ከዚያ ቆጠራዬን አሰማኋቸው። ብሩ ላይ ስደርስ አቋረጡኝ።

«ተው! አብተውን ብሩ አልወለደውም። እናቱ ታቅፋው ነው ብሩ ቤት የገባች። አሳደገው፣ በስሙ ተጠራ፤ ስንቱ ይሳሳትበታል። አባቱ ዋለልኝ ነው። ዋለልኝ ካሳ፣ ካሳ አደራጀው። በል ሰባት ሞላልህ።»

«ታዲያ እኔና ልጁ አንገናኝም?»

«በምን ትገናኛላችሁ? ሴት ልጅ ካለችህ ስጠው፣ የሚያግድህ የለም። ልጁ በልቷል?»

«ገና ነው እማ» አለ ጠባቂው።

«አፈር ልብላ! ሰንበት ሊገባ ሰው ጦሙን አስቀምጠህ ዘር ታስቆጥራለህ?» ስልኩ ተዘጋ።

ጠባቂው ተነሥቶ ሄደና የራሱን ምሳ፣ ግማሽ ዳቦ ከእንቁላል ጋር፣ በመስኮቷ አቀበለን። ልጁ ዳቦውን ይዞ አልቆረሰም።

«እና ምንህም አይደለሁም» አለኝ።

«ምኔም አይደለህም።»

ምክንያቴ ከእጄ ወጣ። በአንድ ወገን መኪናዬ ቆማለች፤ በሌላው ወገን በስምንት ቤት እንኳ የማልነካው ልጅ ተቀምጧል። ከመካከላችን ብሩን አንሥተውታል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ገላጣ ሆኖ የቀረበልኝ ነገር የለም።

ልጁ ዳቦውን ለሁለት ገምሶ ትልቁን ሰጠኝ። ከዚያ እንደ ነቃ ሰው ቀና አለ።

«ጋሼ፣ በሩን አገኘሁት።»

«የትኛውን?»

«የኔን። ‹ማን ነው የመጣው?› ሲል ሁሉም ስለራሱ ይናገራል። ለዚህ ነው የማይከፈተው። በሩ የሚጠይቀው አብሮህ ስለመጣው ሰው ነው። ሴትዮዋ የሽማግሌውን ሰባት ቤት ትቆጥራለች፤ ዘመዷ ያልሆነውን።»

«ለምን እንዲህ አድርገው ሠሩት?»

«የራሱን ብቻ የሚያውቅ ሰው ያን ሁሉ እውቀት ቢያገኝ ምን ያደርግበታል? ይሸጠዋል።»

«መሸጥ ምን ነውር አለው?» አልሁት።

ሳቀ፤ ጠባቂውም ሳቀ። «ያንተን ሰባት ቤት ንገረኝ» አለኝ ልጁ። ነገርሁት። ደጋገመው፤ አምስተኛው፣ ዋሴ የሚለው ስም ላይ ይስታል፣ ጠባቂው ከውጭ ያርመዋል። ሦስተኛው ላይ አልሳተም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መርማሪው ጠራኝ።

«እህ?»

«አላየሁም።»

«ዘመድህ ነው?»

«አይደለም። ቆጥረን አረጋግጠናል።»

ፊቴን ትኩር ብሎ አየኝ፤ የምቀልድበት መስሎታል። «ታዲያ ለምን?»

«ስላላየሁ።»

የብዕሩን ክዳን ገጠመ። «መኪናዋ እዚሁ ትቆያለች።»

«ትቆይ» አልሁ።

ሰንበት ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ ምስክር ስላልተገኘ ሁለታችንንም ለመልቀቅ ወደ መግቢያው ጠረጴዛ አወጡን። ጸሐፊዋ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ፣ ሳታየኝ፣ «ስም? የአባት ስም?» አለችኝ። ቀበቶዬን እየታጠቅሁ ነበር። ከኋላዬ ያ ልጅ እግሮቹን ገጥሞ ቆመ። ስሜን ጠራ፤ ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቀጠለ፤ «አየለ። ፈረደ። ጎሹ። ብሩ። ዋሴ። ጀምበር። እንግዳው።»

ጸሐፊዋ ቀና አለች። «ይህ ሁሉ የሱ ስም ነው?»

«ሁሉም።»

እሷ ቦታ ያላት ለሁለት ነው፤ ሁለቱን ጻፈች። ኮሪደሩ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ግን ሰባቱን ሰምቷል። ወደ እዚህ አገር ስንገባም እንዲሁ ሁለት ብቻ ጽፈው ነበር። ያን ጊዜ የቀሩትን ድምፁን አውጥቶ የጠራልኝ አልነበረም።

የልጁ ተራ ሲደርስ እኔ ጠራሁለት። አብተው ላይ ቆም ብዬ፣ «ዋለልኝ» አልሁ፣ አስረግጬ። ጠባቂው በሩን ከፍቶ ይዞልን ቆመ።

ዛሬ በርበሬዬን ጎማ ባለው ሻንጣ እየጎተትሁ በባቡር ነው የምሄደው። አፉላ ጣቢያ ላይ የሚሳፈሩት ወታደሮች ሻንጣውን ያነሡልኛል፤ ከኛ ልጆች አንዳንዱን የማን ልጅ እንደሆነ እጠይቀዋለሁ፤ ከአያቱ የማያልፈውን እስከ ቤት ሸአን አስቆጥረዋለሁ። የልጁ መጽሐፍ በዕብራይስጥ ወጥቷል፤ ልጄ እያነበበች ተርጉማልኛለች። ስሞቹን ለውጧቸዋል። ሽማግሌው ግን በርበሬ ሻጭ ነው፣ በርበሬውም ጨው ይበዛበታል ተብሏል፤ ይህን ሊተወው ይችል ነበር። በሩ ሲከፈት ውስጡ ምን እንዳለ አልጻፈም። መጽሐፉ እዚያ ላይ ያልቃል። ለምን ብዬ ጠየቅሁት፤ «አብረን ገና አልገባንማ፣ ጋሼ» አለኝ።

መኪናዋ በክርክር ፖሊስ ግቢ ስትቆይ የመቆሚያዋ ኪራይ ከዋጋዋ በለጠ፤ ተውኋት። ጥጉን ሌላ ሰው ይዞታል። ዳቦው አልታወቀም። ልጁ መዝገብ የለበትም።